ወላጆቻችን ደህና ሳሉ ይጻፍ፦ ስለ ወሲያ፣ ውርስና ውክልና ልናውቀው የሚገባ

 

የሴሚስተሩ ፈተና አልቆ ወደየቤታችን ልንበተን ነው። ቤት ስንደርስ ብዙዎቻችን ወላጆቻችንን ከአምናው ትንሽ ደክመው እናገኛቸዋለን። አባት የስኳር መድኃኒት ጀምረዋል፤ እናት ትንሽ ሲራመዱ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ አያት እኛን በአጎታችን ስም ይጠሩናል። ስለ መድኃኒታቸው፣ ስለ ምግባቸውና ስለ እንቅልፋቸው እንጠይቃለን። ስለ ወሲያቸው ግን የሚጠይቅ የለም። «ሞቴን ተመኘህ ወይ?» እንዳይሉን እንፈራለን፤ የሰማ ጎረቤትም «ምነው ታሟርታለህ» ይላል።

ወላጅ ሳይጽፍ ሲሞት ግን ነገሩ ክፍት ሆኖ አይጠብቅም። ሟች ያልመረጠው ሕግ ይወስናል፣ ወይም ከልጆቹ መካከል ጉልበት ያለው ይወስናል። በዚህ ጊዜ የሚጎዱት ፍርድ ቤት ለመመላለስ አቅም የሌላቸው ናቸው፦ አሮጊት አያት፣ ዐረብ አገር ያለች እህት፣ አባታቸው የሞተባቸው የወንድም ልጆች። ስለዚህ ወሲያ የሀብታም ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንድ ቤትና ጥቂት ዕዳ ያለበት ሰው ሁሉ ጉዳይ ነው።

እኔ የኢንጂነሪንግ እንጂ የሕግ ተማሪ አይደለሁም። እዚህ የማቀርበው መነሻ የሚሆን ዕውቀት ነው። የየቤታችሁን ዝርዝር ጉዳይ ለቃዲ፣ ለምታምኗቸው ዑለማና ለሕግ ባለሙያ አቅርቡ።

ሁለት ሕግ ባለበት አገር

መድረሳ ውስጥ ፈራኢድ ስንቀራ ስድስቱን ድርሻዎች በቃላችን እንይዛለን፦ ግማሽ፣ ሩብ፣ አንድ ስምንተኛ፣ ሁለት ሦስተኛ፣ አንድ ሦስተኛ፣ አንድ ስድስተኛ። መንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ በሥነ ዜጋ ክፍለ ጊዜ ሕገ መንግሥቱን እናነባለን። ሁለቱ የሚገናኙበትን ቦታ ግን በሁለቱም ወገን አልተማርነውም። ክርክሩ የሚነሳው ደግሞ እዚያው ላይ ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 በግልና በቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን ይፈቅዳል። ቅድመ ሁኔታው የተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተደራጁት በዚሁ መሠረት ነው፤ በክልሎችም በየራሳቸው ሕግ የተቋቋሙ አሉ። በአዋጁ መሠረት ሟች ሲሞት ሙስሊም ከነበረ የውርሱና የኑዛዜው ጉዳይ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ከወራሾቹ አንዱ ቀርቦ «አልስማማም» ካለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። መጥሪያ በአግባቡ ደርሶት ያልቀረበ ሰው ደግሞ እንደተስማማ ይቆጠራል። ስለዚህ መጥሪያን «አልቀበልም» ብሎ ቤት መቀመጥ ለማንም አይበጅም። በ1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት አንድን የውርስ ክርክር መርምሮ፣ ያለ ተከራካሪዋ ፈቃድ በሸሪዓ ፍርድ ቤት የተሰጠው ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው ብሏል።

ከዚህ የምንረዳው አባት ሙስሊም ሆኖ መኖሩና መሞቱ ብቻውን ውርሱ በሸሪዓ እንዲከፈል እንደማያደርግ ነው። «ልጆቼ በሸሪዓ ይካፈሉ» ብሎ ቢጽፍ እንኳ የፍርድ ቤቱ ምርጫ በወራሾቹ ፈቃድ ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም፤ ወላጅ በሕይወት እያለ ከልጆቹ ጋር መነጋገርና መስማማት ያስፈልጋል።

ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ

አንድ ሰው እናቱን፣ ሚስቱን፣ ሁለት ወንድ ልጆችና አንዲት ሴት ልጅ ትቶ ሞተ እንበል። አባቱ ቀድሞት ሞቷል። የቀብር ወጪው ወጥቶ፣ ዕዳው ተከፍሎ፣ የሚስት የራሷ ንብረት ተለይቶ የቀረው ውርስ 1,200,000 ብር ነው።

በሸሪዓ ሟች ልጆች ስላሉት እናት አንድ ስድስተኛ፣ ሚስት አንድ ስምንተኛ ይደርሳቸዋል። የቀረውን ልጆቹ ይወስዳሉ፤ የወንድ ድርሻ የሴት እጥፍ ነው። ውርሱን 120 ቦታ ብንከፍለው 20 ለእናት፣ 15 ለሚስት፣ ለእያንዳንዱ ወንድ ልጅ 34፣ ለሴት ልጅ 17 ይሆናል። በብር እናት 200,000፣ ሚስት 150,000፣ እያንዳንዱ ወንድ 340,000፣ ሴት ልጅ 170,000 ያገኛሉ።

በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜ ከሌለ ልጆች ካሉ ወላጅ አይወርስም። ሚስትም ከጋራ ንብረት ግማሹን በራሷ መብት ትወስዳለች እንጂ የባሏ ወራሽ አይደለችም። ስለዚህ 1,200,000 ብሩ ለሦስቱ ልጆች እኩል ይከፈላል፤ ለእያንዳንዳቸው 400,000 ብር። ልጇን የቀበረችው አሮጊት እናት ምንም አይደርሳትም። ሴት ልጅ ደግሞ በሸሪዓ ከሚደርሳት የበለጠ ታገኛለች።

ይህን ልዩነት ደብቆ ማለፍ አይጠቅምም። ድርሻዎቹ በሱረቱ ኒሳእ የተወሰኑ የአላህ ሕግ መሆናቸውን እናምናለን። ነገር ግን ሸሪዓ የሚጠራው ጥቅም ሲኖረው ብቻ የሆነ ወንድም በየሰፈሩ አለ። ለእህቱ ሲሆን «ሸሪዓ ነው፣ ግማሽ ነው» ይላል፤ ለአያቱ ሲሆን ፍትሐ ብሔር ያነባል። እጥፍ ድርሻ የወሰደው እናቱን የመጦርና እህቱን የመደገፍ ኃላፊነትም እንዳለበት ይረሳል። በአንዳንድ አካባቢ ደግሞ «ሴት ልጅ ባሏ ቤት ናት» ተብላ ጭራሽ ትከለከላለች። ይህ ሸሪዓም ፍትሐ ብሔርም የማያውቀው ልማድ ነው፤ የሰው ሐቅ መብላት ነው።

ወሲያ የሚችለውና የማይችለው

የሟች ንብረት ሲነካ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ከፈንና ቀብር፣ ቀጥሎ ዕዳ፣ ከዚያ ወሲያ፣ በመጨረሻ ውርስ። ወሲያ ከዕዳ በኋላ ከቀረው ከአንድ ሦስተኛ አይበልጥም። ገደቡን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) የነገሩበት ሐዲስ ታዋቂ ነው፤ ሦስተኛውም ብዙ እንደሆነ አመልክተዋቸዋል። ደግሞም ወሲያ ወራሽ ለሆነ ሰው ተጨማሪ መስጫ አይደለም። በብዙኃኑ ዑለማ ዘንድ እንዲህ ያለ ኑዛዜ የሚጸናው ሌሎቹ ወራሾች ከሞት በኋላ ከፈቀዱ ብቻ ነው።

«ታዲያ ወራሾቹ የታወቁ ከሆኑ ወሲያ ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ይኖራል። በአገራችን ቤተሰቦች ውስጥ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ሰዎች ያለ ወሲያ በሸሪዓ ምንም አይደርሳቸውም።

የመጀመሪያዎቹ አባታቸው ከአያታቸው ቀድሞ የሞተባቸው ልጆች ናቸው። አያት ሲሞት ሌሎች ወንድ ልጆች ካሉት እነዚህ የልጅ ልጆች ከውርሱ ይከለላሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የአባታቸውን ቦታ ተክተው ይወርሳሉ፤ በሸሪዓ ግን መንገዳቸው የአያት ወሲያ ነው። አያት ከሦስተኛው ውስጥ ቢናዘዙላቸው የቲም ሜዳ ላይ አይቀርም።

ሁለተኛዎቹ በቤት ያደጉ ልጆች ናቸው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ «ልጄ» ተብሎ ያደገ ልጅ በሸሪዓ ወራሽ አይደለም። ሃያ ዓመት አብሮ የኖረ ሰው በአንድ ቀን ባዕድ እንዳይሆን ወሲያ በር ይከፍታል።

ሦስተኛዎቹ ሃይማኖታቸው የተለየ ዘመዶች ናቸው። ወሎን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ በአንድ ቤት እናት ክርስቲያን፣ ልጅ ሙስሊም ሊሆኑ ይችላሉ። በሸሪዓ ሙስሊምና ሙስሊም ያልሆነ አይወራረሱም። ነገር ግን ወራሽ ላልሆነ ዘመድ፣ ሙስሊም ባይሆንም፣ ወሲያ ማድረግ ይቻላል። ዝምድናን መቀጠል የሚፈልግ ሙስሊም ይህን በር ሊያውቀው ይገባል።

አጻጻፉ ላይ የሚወድቅ ኑዛዜ

በልማዳችን አባት ሲጠናባቸው ሸይኹና ሁለት ሽማግሌዎች ተጠርተው «ቤቱ እንዲህ ይሁን» ብለው ይናዘዛሉ። ጉዳዩ መደበኛ ፍርድ ቤት ከደረሰ ይህ አብዛኛውን ጊዜ አያቆምም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ በሁለት ምስክር ፊት የሚደረግ የቃል ኑዛዜ የሚሠራው ለጥቂት ነገር ብቻ ነው፦ ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ስለ ትንንሽ ልጆች ሞግዚት፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር ላልበለጠ ስጦታ። ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየም ይፈርሳል። ቤት በቃል ኑዛዜ አይተላለፍም።

በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ የተሻለ ነው። ተናዛዡ ራሱ ይጽፈዋል፣ ወይም እየተናገረ ሌላ ሰው ይጽፍለታል። ከዚያ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል። መነበቡና ቀኑ በኑዛዜው ላይ መጻፍ አለበት፤ ተናዛዡና ምስክሮቹም ወዲያው ይፈርማሉ ወይም የጣት አሻራ ያደርጋሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ሰነድ አረጋጋጭ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። «በአራታችንም ፊት ተነበበ» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ተረስቶ ኑዛዜው እንዳይፈርስ ተጠንቀቁ።

ተናዛዡ በገዛ እጁ የሚጽፈውም አለ። ሙሉ በሙሉ በእጁ የተጻፈ፣ ኑዛዜ መሆኑን የሚገልጽ፣ በየገጹ ቀንና ፊርማ ያለበት መሆን አለበት። ልጅ በኮምፒውተር ጽፎ አባት ቢፈርሙበት ይህን ዓይነት አይሆንም። በሰባት ዓመት ውስጥ ሰነድ አረጋጋጭ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት ካልተቀመጠም ዋጋ ያጣል።

ለሸሪዓውም ለመደበኛውም ፍርድ ቤት የሚበጀው ይዘቱን በሸሪዓው ልክ፣ አጻጻፉን በአገሩ ሕግ ማድረግ ነው። ምስክሮቹ ከኑዛዜው የማይጠቀሙ ሰዎች ይሁኑ። ከተቻለ ሰነዱ በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ይረጋገጥ።

በሕይወት ሳሉ፦ ውክልናና የመርሳት ችግር

እርጅና ከሞት በፊት ሌላ በር ይዘጋል። ኑዛዜም፣ ስጦታም፣ ውክልናም የሚጸኑት ሰጪው አእምሮው የተሟላ ሲሆን ነው። አያት ልጆቻቸውን መለየት ካቆሙ በኋላ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክሮ ወረቀት ላይ ማሳረፍ ዙልም ነው፤ በፍርድ ቤትም ይፈርሳል።

ስለ ውክልና ሦስት ነገር እንወቅ። አንደኛ፣ ጠቅላላ ውክልና ንብረት ለማስተዳደር እንጂ ቤት ለመሸጥ ወይም በስጦታ ለመስጠት አይበቃም፤ ለዚያ ሥልጣኑ በግልጽ ተለይቶ መሰጠት አለበት። ሁለተኛ፣ የተለየ ስምምነት ከሌለ ወካዩ ሲሞት ወይም ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ይቋረጣል። አባት ከሞቱ በኋላ የኤቲኤም ካርዳቸውን ይዞ ገንዘብ የሚያወጣ ልጅ የወራሾችን ሁሉ ገንዘብ እያወጣ ነው፤ «ለቀብር ነው» ቢልም በደረሰኝ ያስረዳ። ሦስተኛ፣ ወላጅ አእምሮው ከደከመ ቤተሰቡ ፍርድ ቤት አመልክቶ ሞግዚት ማሾም ይኖርበታል።

አባትና እናትን የጠበቀች ልጅ ጉዳይም አለ። ብዙ ጊዜ አንዲት እህት ትዳሯን አዘግይታ ወላጅ ስትጦር ትቆያለች። ወላጅ «ቤቱ የሷ ነው» ይላሉ። ወራሽ ስለሆነች በወሲያ አይሆንም። በሕይወት እያሉ መስጠት ይችላሉ፤ ነገር ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በልጆች መካከል በስጦታ ማበላለጥን መከልከላቸውን ማሰብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ዑለማን ጠይቆ፣ ሌሎቹን ልጆች አስፈቅዶ፣ ጤነኛ ሳሉ ይደረግ። በሞት ሕመም ላይ የሚደረግ ስጦታ በሸሪዓ እንደ ወሲያ ይታያል። በአገሩ ሕግም የቤት ስጦታ እንደ ግልጽ ኑዛዜ ባለ አሠራር ካልተደረገ አይጸናም። ለድካሟ ወርኃዊ ክፍያ መወሰንም አንድ መንገድ ነው። የቤተሰብ ሕጉ ተቸጋሪ ወላጅን መቀለብ የሁሉም ልጆች ግዴታ ነው ስለሚል ክፍያውን ወንድሞች ቢያዋጡ ተገቢ ነው።

የማን ገንዘብ ነው?

ለብዙ ቤተሰብ ትልቁ ፈንጂ ይህ ነው። እህት ጅዳ ወይም ዱባይ ሠርታ ገንዘብ ትልካለች፤ ቤቱ በአባት ስም ይሠራል። አባት ሲሞቱ ካርታው የሚናገረው የአባትን ስም ነው። የሷ የዓመታት ላብ «የአባታችን ውርስ» ተብሎ ይከፈላል፤ እሷም ድርሻ እንደሚደርሳት አንድ ወራሽ ብቻ ትቆጠራለች።

መድኃኒቱ ገንዘቡ ሲላክ ምን እንደሆነ መጻፍ ነው። ለወላጅ ስጦታ ነው? ብድር ነው? የራሷ ቤት በአደራ እየተሠራ ነው? ሦስቱ በሸሪዓ የተለያየ ፍርድ አላቸው። ስጦታ ከሆነ የአባት ነው፤ ብድር ከሆነ ከወሲያም ከውርስም በፊት ይከፈላል፤ አማና ከሆነ መጀመሪያውኑ ከውርሱ ውስጥ አይገባም። ከቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ በሱረቱል በቀራ የሚገኘው ዕዳን ስለ መጻፍ የሚናገረው መሆኑን እናስታውስ። ዐረብ አገር ያለ ሰው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በኩል ውክልና ልኮ ጉዳዩን በራሱ ስም ማስፈጸም ይችላል።

የሚስት ድርሻም እንዲሁ ነው። እናታችን ወርቋን ሸጣ ለመሠረቱ ከሰጠች ያ ይጻፍ። የቀበሌ ቤት ደግሞ የመንግሥት ኪራይ ስለሆነ እንደ ግል ቤት አይወረስም። የገጠር መሬትም የይዞታ መብት እንጂ የግል ሀብት ስላልሆነ የሚተላለፈው በክልሉ የመሬት ሕግ ነው። እነዚህን ኑዛዜ ውስጥ ከመክተት በፊት ወረዳውን መጠየቅ ይገባል።

በዚህ ዕረፍት ምን እናድርግ?

«አባባ፣ ወሲያ ጻፉ» ብሎ መጀመር ከባድ ነው። ከዕዳ ብንጀምር ይቀላል፦ «አባ፣ የሰው ገንዘብ እርስዎ ዘንድ ያለ፣ የእርስዎም ሰው ዘንድ ያለ ካለ እኔ ልጻፍልዎ?» ዕዳን የማይፈራ አማኝ የለም። የሚናዘዝበት ነገር ያለው ሙስሊም ወሲያው ሳይጻፍ ሁለት ሌሊት ማደር እንደማይገባው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማስተማራቸውንም በአደብ ማስታወስ ይቻላል። በብዙ ቤት ከልጅ ይልቅ ኡስታዝ ወይም የሰፈር ሽማግሌ ቢናገሩ ይሰማል፤ ጀመዓችንም መስጂዶችን በኹጥባ እንዲያነሱት ይጠይቅ።

ከዚያ አንድ ደብተር ይዘን በየገጹ ይህን እንጻፍ፦

1. ዕዳና አማና፦ ለማን፣ ስንት፣ ማን ምስክር አለ። ያልወጣ ዘካና የእቁብ ቀሪም ይጨመር።
2. ንብረት፦ ቤት፣ የባንክ ሒሳብ፣ ከብት፣ ሱቅ፤ በማን ስም፣ በማን ገንዘብ፣ ሰነዱ የት እንዳለ።
3. ወራሾች፦ ከሌላ ትዳር የተወለዱትን ጨምሮ ሁሉም በስማቸው። የተደበቀ ልጅ ጀናዛ ላይ ሲታይ ውርደቱ ለሟች ነው።
4. ወራሽ ያልሆኑ ግን ሊታሰቡ የሚገባቸው፦ የቲሞች፣ በቤት ያደጉ፣ ሌላ ሃይማኖት ያላቸው ዘመዶች፣ ወቅፍና ሰደቃ።
5. እንክብካቤ፦ ማን ይጦራል፣ ወጪውን ማን ይሸፍናል፣ ውክልናው ለማን ይሰጥ።

ይህ ደብተር ኑዛዜ አይደለም፤ ወደ ቃዲና ወደ ሰነድ ማረጋገጫ ይዘን የምንሄደው ዝግጅት ነው። የሕግ ትምህርት ቤት ባለባቸው በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ለአቅመ ደካሞች ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ማዕከላት ስላሉ በአቅራቢያችሁ መኖሩን ጠይቁ። ወላጅ እምቢ ቢሉ አናስገድድ፤ ንብረቱ የእነሱ ነው። ራሳችንም ወጣት ነን ብለን አንዘናጋ። ከጓደኛ የተበደርነው ሁለት ሺህ ብር ካለ ከዛሬ ጀምሮ ስልካችን ላይ ሳይሆን ወረቀት ላይ እናስፍረው።

አላህ ለወላጆቻችን ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥልን፤ ያለፉትን ይርሐምልን፤ የማንንም ሐቅ ተሸክመን ከመቅረብ ይጠብቀን። ወላሁ አዕለም።